ደብዳቤ ለልጄ፦ ለልጆቹ ስለምታዘጋጂው ወረቀት

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሐዋሳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትምህርት ቤቶች እስኪከፈቱ መሥሪያ ቤታችሁ ለአዳማ ልጆች ቤት ውስጥ የሚሠሩት ነገር ሊበትን እንደሆነ ጽፈሽልኝ ረቂቁን አየሁት። ሥዕሉ ያምራል። ግን ግማሹ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ብዙ ቤት ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፣ እሱም ከባለቤቱ ጋር ሥራ ይውላል። እንደ እናንተ መብራት የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት በየግድግዳው የሰቀለው መማሪያ አለው፤ ቆጣሪው። ወረቀቱን በእሱ ዙሪያ ሥሪው።

መጀመሪያ ንባብ ይሁን። ልጁ ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ቁጥሩን ይጻፍ፣ ከዛሬው የትናንቱን ይቀንስ። የሰባት ቀን ፍጆታ ለማግኘት ስምንት ንባብ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጻፊ፤ አለበለዚያ ሁሉም በሰባተኛው ቀን ያቆማሉ። የካርድ ቆጣሪ ላይ ቶሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቀረው ሒሳብ ነው፤ ሲጠቀሙ ይወርዳል፣ ካርድ ሲሞላ ይዘላል፣ ልጁም ግራ ይጋባል። የሚፈለገው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓቱ ነው፤ መለያውም መቼም ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። ሳህኑ በሚሽከረከረው አሮጌ ቆጣሪ ላይ ደግሞ በቀይ የተከበበው የመጨረሻ አኃዝ የኪሎዋት ሰዓት አንድ አስረኛ ነው። እሱን እንደ ሙሉ የቆጠረ ልጅ ፍጆታውን አሥር እጥፍ ያደርገዋል።

ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላሉት ብልጭታ መቁጠሩን ጨምሪላቸው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዲጂታሉ ቆጣሪ ላይ ከቀይዋ መብራት አጠገብ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆን ተጽፏል። 1600 ከሆነ አንዱ ብልጭታ 0.625 ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ደቂቃ 16 ብልጭታ የቆጠረ ልጅ ቤቱ በዚያች ደቂቃ 600 ዋት እየወሰደ መሆኑን ያገኛል። ቁጥሩ 1000 የሆነም አለና 1600ን በወረቀቱ ላይ እንዳታትሚው፣ ባዶ ቦታ ተዪለት።

እንጀራ ሲጋገር ነገሩ ይከብዳል። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ1600ው ቆጣሪ ላይ መብራቷን በደቂቃ 93 ጊዜ ያህል ያብለጨልጫታል፤ ልጅ አይደርስበትም። ስለዚህ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ ሌላው ይቁጠር፣ 15 ሰከንድ ብቻ። 23 ገደማ ይመጣል፣ በአራት ይባዛል። ከዚያ ይህን ጠይቂያቸው፦ ምጣዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይጠፋ ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 9 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በዚያው ፍጆታ ስንት ቀን ይቆያል? 116 ቀን ያልፋል። «መብራት አጥፉ» እያሉ የሚቆጡ ወላጆችም ቢያሰሉት አይከፋም።

አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ንባቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም። መፍትሔው ልዩነት ነው፦ ምጣዱ ሳይሰካ ይቆጠር፣ ተሰክቶ ይቆጠር፣ ይቀነስ። ሦስት ጊዜ ይደገም፤ በመሃል የጎረቤት ፍሪጅ ሊነሣ ይችላል።

ለዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የዋዜማውን ጥያቄ ስጪ። ለፋሲካ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ምጣዱ ለምን ይዘገያል? 220 ቮልቱ ወደ 198 ቢወርድ የቀነሰው አሥር በመቶ ነው፣ ኃይሉ ግን የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ 3500 ዋቱ 2835 ይሆናል። ምጣዱ ለጅረት ያለው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 13.8 ኦም ገደማ መሆኑን ራሳቸው ያውጡት።

ከአዳማ ኮረብታ ላይ የሚታዩትን የነፋስ ተርባይኖች በአንድ አንቀጽ አንሺ። የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አላቸው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። ማባዛቱን ለልጆቹ ተይ። ነፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ እንደሚወርድ ግን ንገሪያቸው፤ ክንፉ ስለዞረ ብቻ ሙሉ ኃይል እየሰጠ ይመስላቸዋል።

ማስጠንቀቂያው ከላይ፣ በወፍራም ፊደል ይግባ። ቆጣሪ በዓይን ብቻ ይነበባል፤ አይከፈትም፣ ማሸጊያው አይነካም፣ ወንበር ላይ ተወጥቶ ወይም ዝናብ ላይ ተቆሞ አይነበብም። ምጣዱን የሚሰካም የሚነቅልም ትልቅ ሰው ነው። ሽቦ የሚያስነካ ሙከራ በሁለት ባትሪ ድንጋይና በእጅ ባትሪ አምፖል ብቻ ይሁን። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ነው ብለው እንዳይዳፈሩ ለይተሽ ከልክይ፤ ጫፎቹ በሽቦ ቢገናኙ ሽቦውን የሚያግል ጅረት ይለቃል።

በስልክ ስለምትልኩት አጭር መልእክት፦ በአማርኛ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። የአፋን ኦሮሞው በላቲን ስለሚጻፍ እስከ 160 ይሄዳል፣ ግን በቃሉ መሃል ከላይ የሚገባው ጭረት (ሁዳው) ቀጥ ያለው (') ይሁን። የታጠፈው (’) አንድ እንኳ ከገባ መልእክቱ ሁሉ ወደ 70 ይወርድና ወጪው ይባዛል። አዳማ ነውና ሁለቱም ቋንቋ እኩል ይውጣ፤ የአማርኛውን መጀመሪያ አሳጥሪ። የታተመው ወረቀት ደግሞ ካርድ በሚሞላበት መስኮት ይታደል።

አለቆችሽ ልጆቹ ንባባቸውን እንዲልኩ ይፈልጋሉ ብለሻል። እኔ አልስማማም። ከመብራት መሥሪያ ቤት «ቆጣሪህን አንብበህ ላክ» የሚል ወረቀት ሲመጣ አባወራው ቁጥጥር ነው ይላል፣ ልጁንም ይከለክላል። ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ይቅር፤ መልሱን ማመሳከር የፈለገ እንዲያይ የናሙና ስሌት በጀርባው አትሚ።

ከመታተሙ በፊት ካርድ ቆጣሪ ባለው አንድ ቤትና አሮጌው ባለበት ሌላ ቤት ልጆች ያለማንም እርዳታ ይሞክሩት። የተደናቀፉበትን መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።

አባትሽ