ሱኩና ምን ሆኖ ነው?

ውዴ፣ እንደምን ከረምሽ? እናትሽ በርትተዋል? ከተጠፋፋን ከራረምን፤ በጣም ናፍቀሽኛል። ዛሬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ ጁጁትሱ ካይሰን፣ ያ የጃፓን የእርግማንና የአስማት ታሪክ ነው። ማንጋውን፣ ማለትም የሥዕል መጽሐፉን፣ እስከ መጨረሻው፣ 271ኛው ምዕራፍ ድረስ አነበብኩት። ታዲያ ከአንቺ ሌላ ከማን ጋር ላወራው?

አኒሜውን፣ ማለትም የካርቱን ፊልሙን፣ አብረን ስናይ ሱኩና፣ ያ የእርግማኖች ንጉሥ፣ ብቅ ባለ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከፋው?» ትዪኝ ነበር። መልሱ ምንም ነው። ደራሲው ጌጌ አኩታሚ ሰበብ አልሰጠውም። መጨረሻው አካባቢ አንድ ነገር ይነግረናል። እናቱ በረሃብ ላይ ሳለች፣ እሱ በማህፀኗ ውስጥ በሕይወት ለመቆየት መንታውን በልቷል። ይህንንም ሲያወራ ለራሱ አያዝንም፣ እንድናዝንለትም አይፈልግም። ሲያሰኘው ይበላል፣ ሲያሰኘው ይገድላል፣ በቃ። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። በደል ደርሶበት የከፋን ሰው ቢያንስ መካስ ይቻል ይሆናል። ሱኩናን በምን ትክሺዋለሽ?

በቶኪዮ ሺቡያ ሰፈር የሚካሄደውን የአኒሜውን ክፍል የግድ ማየት አለብሽ። ዩጂ የሱኩናን ጣት ውጦ እሱን በገላው ውስጥ የተሸከመው ልጅ ነው። ጆጎ፣ ያ ጭንቅላቱ እሳተ ገሞራ የሆነው እርግማን፣ ለዩጂ በአንድ ጊዜ 10 የሱኩና ጣት አጎረሰውና ሱኩና ነቃ። ሱኩናም ጆጎን «አንዴ እንኳ ከመታኸኝ እታዘዝልሃለሁ» አለው። ጆጎ ያለ የሌለ ኃይሉን አወጣ፤ አልሆነም። ሱኩና በዚያው በእሳት፣ በጆጎ በራሱ ሙያ፣ አቃጥሎ ገደለው። ከዚያ ግን «ጠንካራ ነህ፣ ኩራ» ይለዋል። ጆጎ አለቀሰ። እኔም አብሬው። ያ ጨካኝ የሰው ነፍስ እንደ ምንም ሳይቆጥር፣ ጥንካሬን ግን ያከብራል።

ቀጥሎ ሱኩና ዶሜይኑን፣ ማለትም በአስማት የሚፈጥረውን የራሱን ግዛት፣ ከፈተ። የሌሎቹ ዶሜይን ባላጋራን በግድግዳ ዘግቶ ይይዛል። የሱኩና ግድግዳ የለውም። ሸራ ሳይኖር አየር ላይ ሥዕል እንደ መሳል ነው ይላሉ። በ140 ሜትር ዙሪያ ያለው ሁሉ፣ ሕንፃውም ሰውም፣ ተከታትፎ አለቀ። ከዚያ ገላውን ለዩጂ መለሰለት። ልጁ ነቅቶ በእጁ የተሠራውን አየ። መሬት እየቧጠጠ ያለቀሰበትን ትዕይንት መድገም አልቻልኩም።

ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር ልንገርሽ። ሱኩና ከባዶ የተፈጠረ ስም አይደለም። በ720 በተጠናቀቀው የጃፓን ዜና መዋዕል፣ በኒሆን ሾኪ ውስጥ፣ ሁለት ፊትና አራት እጅ ያለው ሪዮመን ሱኩና የሚባል የሂዳ ሰው አለ። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ሽፍታ ነው፣ ሕዝብ ይዘርፋል ብለው ጻፉበት፤ በንጉሡ ሰው ተገደለ። የዛሬዋ ጊፉ ግዛት የሂዳ ሰዎች ግን እንደ ጀግናቸው ያከብሩታል። ታካያማ ባለው በሴንኮጂ ገዳም፣ መነኩሴው ኤንኩ የቀረጸው ምስሉ አለ። ረጅም የዱባ ዝርያቸውን እንኳ በስሙ ጠርተውታል። ያሸነፈው ወገን ብቻ ሲጽፍ ምን እንደሚቀር አሰብኩ።

ወደ ማንጋው ስመለስ፣ የመጨረሻው ጦርነት ላይ ዩጂ ሱኩናን በራሱ በዩጂ ዶሜይን ውስጥ ይዞት ይዞራል። ያደገበትን አካባቢ እያሳየው፣ ስለ ልጅነቱ እያወራ፣ ቀስት እየወረወሩ። ያን ሁሉ ሰው የፈጀውን! በመጨረሻም ሱኩና ተሸንፎ ቁራጭ ሥጋ ሲሆን፣ ዩጂ «ተመልሰህ በእኔ ውስጥ ኑር» አለው። ሱኩና እምቢ ብሎ ሞተ። እኔ ብሆን ያንን ዕድል አልሰጠውም ነበር። ዩጂ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ገና በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም።

ከሺቡያ ጀምረሽ እይው፤ ከዚያ ማንጋውን ቀጥዪ። አንቺ ብትሆኚ ትምሪው ነበር ወይ? ይህንን ሳትመልሺልኝ እንዳትቀሪ።

የምትወድሽ እህትሽ