እማዬ፣ የምበላው እኔ ነኝ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው?

በስልክ ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ትይና ወዲያው ወደ ልጆቹ ወሬ ትዞሪያለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ታናሼ ታነብልሻለች። እሷን ደግሞ እንዳትቆጫት፤ የሐኪም ቤቱን ነገር የነገረችኝ እኔ አላስቀምጥ ብያት ነው። በቱቦ እንዳዩሽ ሰምቻለሁ። ናሙና እንደወሰዱም ሰምቻለሁ። እሱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገርሽ፣ የሚያመጣልሽ ሰው ማክሰኞ ነው የሚበረው።

ሰውየው ብዙ ቦታ የለኝም ስላለኝ ትንሽ ነገር ነው የላክሁት። የልጆቹ ፎቶ አለ፣ ወፍራም ካልሲ አለ፣ ለግፊት መለኪያሽ ባትሪ አለ። ካልሲው ውስጥ የተጠቀለሉ ሁለት ጠርሙሶች ታገኛለሽ። ቀስ ብለሽ ፍቺው። ውስጡ ያለው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ስታዪው ድልህ ይመስልሻል። የፔሩ በርበሬ ነው፣ ፓንካ ይሉታል። ደርቆ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው የሚፈጨው። እንደኛ በርበሬ አያንገበግብም። ምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ ነካ ያደርግና ይተዋል። ሽታው ጭስ ጭስ ይላል፣ ትንሽም ይጣፍጣል።

ይህን የላክሁት ሐኪሙ በርበሬ እንዳትነኪ ስላለሽ ነው። ታናሼ እንደነገረችኝ አልጫው ሰልችቶሽ ጭራሽ መብላት ትተሻል። ቀሚስሽ ሁሉ ሰፍቶሻል አለችኝ። እማዬ፣ አንቺ ያለ ወጥ እንጀራ እንደማይወርድልሽ አውቃለሁ።

አሠራሩ ከምታውቂው አይለይም። ሽንኩርቱን እንደ ሁልጊዜሽ ያለ ዘይት አብስዪው። ዘይቱን፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሪ። ከዚያ በርበሬ በምትጨምሪበት ሰዓት ከፓንካው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምረሽ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላዪው። ቀለሙ ቁጭ የዶሮ ወጥ ነው። እኔ በምስርም በዶሮም ሞክሬዋለሁ። ኮረሪማም በሶብላም ጤና አዳምም ስለሌለው ሲወጣ መከለሻ ይፈልጋል፣ ያንን አንቺ ታውቂበታለሽ። ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ! ትንሽም ብትሆን ማቃጠያ አላት። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና አሳዪው። መጀመሪያ የሆድሽ ቁስል ይዳን ካለሽ ጠርሙሱን ሳትከፍቺ አስቀምጪው። ከከፈትሽው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ላዩን በዘይት ሸፍኚው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ዝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አነሳቸዋለሁ።

አገራቸው ፔሩ ውስጥ አሬኪፓ የሚባል ከተማ ነው። ልክ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ከበላዩ እሳተ ገሞራ ተራራ አለ። እዚያ ሮኮቶ የሚባል በርበሬ አላቸው። ቲማቲም የመሰለ፣ ፍሬው ጥቁር፣ ብርድ የሚወድ። እሱ ያቃጥላል፣ ያንቺን ሚጥሚጣ አያስናፍቅም። አማቴ ውስጡን ይፍቁና በጨውና በኮምጣጤ ውሃ ደጋግመው ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ሥጋ ሞልተው ላዩ ላይ አይብ አድርገው ምድጃ ያስገቡታል።

በየሳምንቱ የምንሠራው ግን አማሪዮ የሚሉትን ነው። ብርቱካንማ ነው፣ ረዘም ያለ፣ ሲቆረጥ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል። እዚህ አሜሪካ ትኩሱን ማግኘት ከባድ ስለሆነ በረዶ የሆነውን ከላቲኖች ሱቅ እንገዛለን። ጓንት አድርገን ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ፍሬውና ነጩ ጅማት በማንኪያ ይፋቃል። ማቃጠያው በብዛት ያለው ፍሬው ላይ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ፍሬውን የያዘው ነጩ ላይ ነው። ከዚያ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ ሌላ ውሃ ይቀርብለታል። ለልጆች ከሆነ ሦስቴ ይደረግለታል። ልጣጩ ይነሳና ከትንሽ ዘይት ጋር ይፈጫል። ለስልሶ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቀለም ሲያወጣ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓድ ጉድጓድ እንሞላና እናቀዘቅዘዋለን። ወጥ በሠራሁ ቁጥር አንድ ሁለት እጥላለሁ።

አማቴ ወጥ ሲጀምሩ ሳያቸው አንቺን አየሁ እማዬ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ። ዘይቱ እስኪለይ ድረስ በዝግታ። ቸኩዬ እሳቱን ከፍ ሳደርገው እጄን ይመቱኛል፣ ልክ እንዳንቺ። በርበሬ ወደ ዓለም የወጣው ከነሱ አህጉር ነው፤ ፈረንጆቹ በ1492 በነሱ አቆጣጠር ባሕር ተሻግረው እስኪያገኙት ድረስ እኛም አገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ይህን በስልክ ስነግርሽ "አትቀልጂ፣ እና አባቶቻችን በምን ይበሉ ነበር?" ብለሽ ዘጋሽብኝ። እውነት ነው። ሌላም ልንገርሽ፣ የድሮዎቹ የኢንካ ሰዎች ሲጾሙ ጨውና በርበሬ ይተዉ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘብሽ የእነሱን ጾም ነው።

አሁን ብዙ ዓመት ይዤው የቆየሁትን ልናገር።

ትልቋ ስትወለድ መጥተሽ አርሰሽኛል። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሌሊት ሕፃኗን ይዘሽ ስትንጎራደጂ እኔ መተኛቴን አልረሳም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺ ባትኖሪ አልችለውም ነበር።

ያኔ አማቴ ሊጠይቁሽ የመጡ ቀን ትዝ ይልሻል? ከመምጣታቸው በፊት ስለ አንቺ ጠይቀውኝ ነበር። ምን ትወዳለች፣ የማትበላበት ቀን የትኛው ነው፣ በበዓል ምን ትሠራላችሁ። ዶሮ በተቀቀለ እንቁላል ስላቸው ደስታቸውን ብታዪ! የነሱም የሚወደድ ምግብ እንደዚያ ነው። ዶሮዋ ተቀቅላ በእጅ ትበጣጠሳለች፣ ሽንኩርቱና አማሪዮው ይቁላላል፣ ወተት የጠጣ ዳቦ፣ የተፈጨ ለውዝና አይብ ይገባበታል፣ ድንች ላይ ይፈስና ከጎኑ ነጭ ሩዝ፣ ከላዩ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቁር ወይራ ይቀመጣል። ከማለዳ ጀምረው ሲሠሩ ዋሉ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው አመጡት። መጀመሪያ ሳህን ላንቺ ነው የሰጡት። እንቁላሉን ላንቺ ሁለት አድርገው።

አንቺ ሳህኑን በጣትሽ ገፋ አደረግሽው። "ይሄ ምኑ ወጥ ነው፣ የሕፃን ምግብ" አልሽ። ተነስተሽ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርሽ። እሳቸው እንደተቀመጡ። አማርኛ አያውቁም፣ ግን ሳህኑን አይተዋል። ምን አለች ብለው ሲጠይቁኝ ደክሟታል አልኳቸው። "አዎ፣ አራስ መንከባከብ ያደክማል" አሉና ሳህንሽን አንስተው ራሳቸው በሉት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተሽ አታውቂም። በርበሬ መላክም አቆምሽ። ዱባይ ላለችው ልጅሽ ግን በየዓመቱ ይሄዳል። ፎቶውን ትልክልኛለች፣ በደንብ ታሽጎ፣ በእጅሽ ስሟ ተጽፎበት። እኔ ለምን እንደቀረሁ አንድ ጊዜ ደፍሬ ጠየቅሁሽ። "ለማን ልላክ? እዚያ ቤት ማን ይበላዋል?" አልሽኝ።

እማዬ፣ የምበላው እኔ ነኝ። እኔ ልጅሽ። ባል አገባሁ እንጂ ምላሴን አልቀየርኩም።

በርበሬ እዚህ አልጠፋም። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም፣ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ እንደምንም ጥሩ የሚባለውን አገኛለሁ። ያንቺን ግን አላገኝም። ማረቆውን ከመርካቶ አስመጥተሽ በረንዳው ላይ ስናሰጣ፣ ሦስታችንም እያስነጠስን ስንቀነጥስ፣ ሲደለዝ እጅሽን ወደ ሙቀጫው ሰደሽ በጣትሽ ቀምሰሽ "ነጭ ሽንኩርት አነሰው" ስትዪ። ያ ሳጥን ሲመጣ እኮ ቤቱ ሁሉ ይሸታል፣ ጎረቤት ይጠይቀኛል። መምጣቱን ሲያቆም ከቤት የተባረርኩ ነው የመሰለኝ። ባሌ ነው "ለእናትሽ ለምን አትነግሪያትም?" ይለኝ የነበረው። ቂም ይዞ እንዳይመስልሽ፣ ስልክ በደወልሽ ቁጥር ሰላም ሊልሽ የሚሻማው እሱ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ተቆጪኝ ከፈለግሽ። ቁጣሽን እችላለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ፊደል ጨርሳ አሁን ቃላት እያያያዘች ነው፤ "አያቴ" ብላ ጽፋልሻለች፣ ወረቀቱ ፎቶዎቹ መሀል አለ። ከአማቴ ጋር በስፓኒሽ፣ ካንቺ ጋር በአማርኛ ስታወራ እኔ ራሴ ቆሜ እሰማታለሁ። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ድንች ብቻ ነው የሚበላው። ቀቅዬ አማሪዮውን ከአይብና ከወተት ጋር ፈጭቼ ሳፈስበት ሳህኑን ይልሰዋል። ለጾም ደግሞ ድንቹን ፈጭቼ፣ በዘይት፣ በሎሚና በአማሪዮ አሽቼ፣ መሀሉ አቮካዶ አድርጌ እሠራለሁ፣ እሱንም ይወዱታል። አንቺ ሞክሪው፣ ሎሚውንና በርበሬውን ግን ተዪው፣ ለሆድሽ አይሆንም።

ስለ ልጆቹ መጻፍ ከጀመርኩ አላቆምም። ወደ ናሙናው ልመለስ።

እማዬ፣ ስለ ጨጓራ ከሆነ ናሙና ሁልጊዜ ለክፉ ነገር አይወሰድም። ባክቴሪያ ለማየትም ይወስዳሉ። ይህን ለራሴ ሌሊት ሌሊት እየደጋገምኩ ነው። ግን ክብደት ቀንሰሻል። ግን ዝም ብለሻል። አንቺ ሲያምሽ ታጉረመርሚያለሽ፣ ሲያስፈራሽ ነው ዝም የምትዪው።

የአባዬን ጊዜ አትድገሙብኝ። ያኔ "ትንሽ ጉንፋን ነው" ስትሉኝ ከረማችሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ጥቁር ለብሶ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አሁን ድረስ በማለዳ በር ሲንኳኳ ጉልበቴ ይከዳኛል። ልትጠብቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሩቅ አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች ብላችሁ ነው። ግን አልቅሼ ልሸኘው አልቻልኩም። ያንቺን እንዲህ አድርጋችሁ ብትደብቁኝ ይቅር አልላችሁም፣ ይህን ታናሼም ጮክ ብላ ታንብበው።

ስለዚህ የውጤቱ ቀን ብቻሽን አትሂጂ። ታናሼ ከሥራ ትቅርና አብራሽ ትግባ፣ ሐኪሙ የሚለውን ትጻፈው። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ እዚህ የሚያነብልኝ ሐኪም ወዳጅ አለኝ። በእኔ ሌሊት ቢሆንም ደውሉ። ብሩን አስቤበታለሁ፣ እሱ አያሳስብሽ፣ ዕቃ እንዳትሸጪ።

ትኬትም እያየሁ ነው። ውጤቱ ምንም ቢሆን እመጣለሁ፣ ትልቋን ይዤ። አማቴም መምጣት እፈልጋለሁ ብለዋል። እኔ ገና መልስ አልሰጠኋቸውም፣ መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ብትፈቅጂ ደስ ይለኛል። ባትፈቅጂም እኔ እመጣለሁ።

አዲስ በርበሬ እንዳታዘጋጂ። አቧራው ለደረትሽ፣ ሽታው ለሆድሽ አይሆንም። ዛላውን ታናሼ ገዝታ ታስቀምጠው፣ ስመጣ ቀንጥሼ እደልዘዋለሁ፣ አንቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ልኩን ንገሪኝ። የኮረሪማውን፣ የጥቁር አዝሙዱን፣ የነጭ ሽንኩርቱን፣ ሁሉንም። ለማናችንም ልኩን ነግረሽን አታውቂም፣ "በዓይን ነው" እያልሽ። እኔ ግን በማንኪያ እየለካሁ እጽፈዋለሁ።

ውጤቱ መቼ ነው የሚደርሰው? ሌላውን ሁሉ ባትመልሺልኝ ቀኑን ብቻ ላኪልኝ።

ልጅሽ