ትንኝን ከትንኝ እንድንለይ ላስተማራችሁን ሁሉ

ውድ አሰልጣኞቻችን፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የውሃ በርሜላችሁን ከፍታችሁ ያሳያችሁን እናቶችና አባቶች፤ እግዚአብሔር ይስጥልን!

በሽታ አስተላላፊ ትንኞችን የመለየት ስልጠናችን ተጠናቋል። እውነት ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ስላይድ እያየን ልናንቀላፋ ነበር የመጣነው። በሽተኛ ማከም እናውቃለን። ትንኝ ግን ለእኛ ያው ትንኝ ነበረች። እናንተ ወሬ ሳታበዙ ማጉያ መነጽር አስያዛችሁን።

አሁን ግድግዳ ላይ ያረፈች ትንኝ ስናይ ቶሎ አንመታትም፤ መጀመሪያ አቀማመጧን እናያለን። ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ ካረፈች አኖፊለስ ሳትሆን አትቀርም፤ ወባ የምታስተላልፈው የእሷ ወገን ነው። ኤደስና ኩሌክስ የሚባሉት ሌሎች የትንኝ ወገኖች ግን ልጥፍ ብለው ነው የሚያርፉት። እጮቹም ያሳብቃሉ። የአኖፊለስ እጭ ውሃው ላይ ተጋድሞ ይንሳፈፋል፤ የሌሎቹ በመተንፈሻ ቱቧቸው ተንጠልጥለው ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ። ኤደስ ኢጂፕቲን ደግሞ በነጭ ቀለበት የተዥጎረጎሩት እግሮቿና ጀርባዋ ላይ ያለው የክራር ቅርጽ ያጋልጧታል። የደንጊ፣ የቺኩንጉንያና የቢጫ ወባ አስተላላፊ ናት፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። አንቴናው ጭፍርር ያለው ወንዱ ነው፤ እሱ እንኳ ማንንም አይነክስም።

ከሁሉም በላይ የወደድነው ግን ማጉያ መነጽር የማይፈታው ነገር እንዳለ አለመደበቃችሁ ነው። የአኖፊለስ ጋምቢዬ እህትማማች ዝርያዎች በዓይን አይለዩም፤ የዘረመል ምርመራ ይፈልጋሉ። "ካልለያችሁ አትገምቱ፣ ላኩልን" ያላችሁን ይዘነዋል።

ለቤት ባለቤቶች ያለን ምስጋና ለብቻው ነው። ወባን ከረግረግና ከገጠር ጋር ብቻ ለምናያይዝ ሰዎች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትልቅ ትምህርት ሆናናለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ጂቡቲ፣ በ2016 ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ በታንከርና በበርሜል ውሃ ትራባለች። ስለዚህ ፍለጋው እናንተ ጓሮ ድረስ መጣ። የማያውቁትን ሰው አስገብቶ የመጠጥ ውሃን ማስጨለፍ ቀላል አይደለም። እናንተ ግን "እዚያ ጋ ያለውንም እዩት" ትሉን ነበር።

ተረኝነታችንን የሸፈናችሁልን የሥራ ባልደረቦቻችንም ውለታችሁ አለብን።

አሰልጣኞቻችን፣ የያዝናቸውን ትንኞች እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርቀን፣ እጮቹን በአልኮል አድርገን፣ የተያዙበትን ቦታና ቀን ጽፈን እንልካለን። ግራ ያጋቡንን ለብቻ አስቀምጠናቸዋል፤ ከነሱ ጀምሩልን።