«ጎበዞች ናችሁ» ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የሠራተኛ ሞራል ሲወድቅ አለቆች ቶሎ የሚታያቸው ግብዣና ሽርሽር ነው። ክፋት የለውም። ግን ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የቀድሞ አለቃዬ በየስብሰባው «ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ» ይለን ነበር። ከስልኩ ቀና የሚል ሰው አልነበረም። በኋላ አዲስ አለቃ መጣችልን። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመችና «ሪፖርቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያገኘሽው ስህተት ባይታረም ኖሮ ደንበኛው ጥሎን ይሄድ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሥራዬን የምር አንብባዋለች!

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግሮ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጓደሉ ሰው ይከፋዋል፤ ለሥራ የሚያነሳሳው ግን የልፋቱን ውጤት ማየት፣ እውቅናና ኃላፊነት ነው። ደመወዝ ይዘግይ ማለቴ አይደለም፤ ደመወዙ የዘገየበት ሰው ምስጋናም አይጥመው።

አለቆች፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት የአንድ ሠራተኛችሁን ሥራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ራሱን ንገሩት።

አንዲት አንባቢ