ገንዘቡ የኩባንያው፣ ግድግዳው የማን?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የራሳቸው ኩባንያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው አንዷን ክፍል ወደ ቢሮ ሲለውጡ «ኩባንያው ይክፈል፣ ወጪ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። ግማሹ እውነት ነው፤ መዘዝ የሚያመጣው ሌላው ግማሽ ነው።

ኩባንያው በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው፤ ቤቱ ደግሞ የባለቤቱ። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሥራው ሲያልቅ የተገዛው ነገር የማን ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተርና መደርደሪያ ተነሥተው ይሄዳሉ። ኩባንያው ገዝቶ በቋሚ ንብረት መዝገብ ያሰፍራቸዋል፣ የእርጅና ተቀናሽ (ዋጋቸው በአገልግሎት ዘመናቸው ተከፋፍሎ በየዓመቱ በወጪነት የሚያዝበትን) ያሰላላቸዋል፤ ብዙም አያከራክሩም። አዲስ መስኮት፣ የጂፕሰም ግድግዳ፣ ወለል፣ የተቀበረ የኤሌክትሪክ መስመር ግን የቤቱ አካል ይሆናሉ። የኩባንያው ገንዘብ የባለቤቱን ቤት ዋጋ ከፍ አደረገ ማለት ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ቢለያይም፣ የታክስ ኦዲተር ይህን ለባለቤቱ በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት እንደተሰጠ ጥቅም ወይም እንደ ስውር የትርፍ ድርሻ፣ ማለትም ሳይታወጅ እንደተከፈለ ትርፍ፣ ሊቆጥረው ይችላል። ያን ጊዜ ወጪው ለኩባንያው ውድቅ ሆኖ በባለቤቱም ላይ ግብር ሊመጣ ይችላል።

በጣም የሚያስቸግረው የተደባለቀ ደረሰኝ ነው። ተቋራጩ ቢሮውን፣ ኮሪደሩንና የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በአንድ ላይ ሠርቶ «የቤት እድሳት» ብሎ ከጻፈ፣ የትኛው ብር የቱ ላይ እንደዋለ በኋላ ማስረዳት ጭንቅ ነው። ሥራው ሳይጀመር የሥራ ዝርዝሩ፣ ውሉም ደረሰኙም ለሁለት ይከፈል፤ የኩባንያው በኩባንያው ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይውጣ። አለዚያ በደረሰኙ ላይ የተከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ኩባንያው ራሱ ከሚከፍለው ላይ ማቀናነስም አይታሰብም።

ለማይነቀለው ሥራ የተሻለው መንገድ ኪራይ ነው። ባለቤቱ እድሳቱን ከኪሱ ከፍሎ ክፍሉን በጽሑፍ ውል፣ በገበያ ዋጋ ለኩባንያው ያከራያል። ኪራዩ ለኩባንያው ወጪ፣ ለባለቤቱ ግን ግብር ያለበት ገቢ ነው፤ ሁለተኛውን የሚረሱ አይጠፉም። ቤቱ 120፣ ክፍሉ 15 ካሬ ሜትር ከሆነ ድርሻው 12.5 በመቶ ነው፤ የመብራት ወጪም በዚሁ ልክ ይታሰባል። ኩባንያው በተከራይነቱ ራሱ ላድስ ካለ ወጪውን በውሉ ዘመን ያከፋፍላል። የ2 ዓመት ውል ይዞ 20 ዓመት የሚያገለግል ግድግዳ ማቆም ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ውሉ ሲያበቃ ግድግዳው ለአከራዩ ይቀራላና።

ከኩባንያው መበደርም ይቻላል፤ ወለድና የመክፈያ ጊዜ ያለው ውል ይፈልጋል። ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር ራሱ ጥቅም ሊባል፣ የተሰረዘ ብድርም ገቢ ሊሆን ይችላል። ለአንዲት ትንሽ ክፍል ግን፣ አሰልቺ ቢመስልም፣ የትርፍ ድርሻ ወስዶ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ በግል ገንዘብ ማደሱ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

«ለሥራ ብቻ» የሚለው ቃልም ሁለት ስለት አለው። ወጪን ለማስፈቀድ ይረዳል፤ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ከዋጋ ዕድገት ግብር (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ ልዩነት ላይ ከሚጣለው) ነፃ በሚሆንበት አገር ግን የዚያች ክፍል ድርሻ ነፃነቱን ሊያጣ ይችላል። ቤቱ የባንክ መያዣ ከሆነ የአበዳሪው ፈቃድ፣ ግድግዳ የሚፈርስ ከሆነ የግንባታ ፈቃድ፣ የመድን ውሉም ማሻሻያ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ።

የኩባንያው ውሳኔ የሚሰፍርበት ቃለ ጉባኤና የኪራይ ውሉ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይፈረሙ። ተቋራጩ በመጋቢት ተከፍሎት ውሉ በሰኔ ከተፈረመ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ባለሙያ