ጓንት ይዘህ ና

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ። በለው፣ እውነትህን ነው። የጋሼ አርባ ላይ አለመገኘቴ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምንም ምክንያት የለኝም። ተኮራርፈን ስለነበር በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ቀረሁ። ይቅር በለኝ። በአካል ስንገናኝ በወጉ እጠይቅሃለሁ። አሁን ሌላ ነገር ይዞኝ ነው የምጽፍልህ። ካንተ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

አብረን መሥራት የጀመርናት መኪና ተነሳች!

በጥቅምት መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት ነው። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጥቤ መለስኩ፣ ቁልፉን ሳዞረው በሦስተኛው ያዘ። ያ የቮልስ ድምፅ ከኋላ ሲንደቀደቅ እማዬ ከማድ ቤት እልል እያለች ወጣች። ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ የኛ አገር ውርጭ ምንም አያደርገውም። ይሄን ሞተር ስትመርጥ ያልኩህን ሁሉ አንስቻለሁ። ላሜራው ተበይዶ አልቋል፣ ስቱኮውም ተቀብቷል። የቀረው ቀለም ነው፤ እሱ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ መስታወቱ ነው። አዎ፣ እሱው የተጣላንበት።

ያኔ አንተ የፊቱ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ ብረት ይቁም፣ የመኪና ድርብ መስታወት (ሁለት መስታወት የተጣበቀበት) ተቆርጦ ይግባ ብለህ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሣልክልኝ። እኔ ደግሞ ወጥ የሆነ፣ የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነውን መድገም አልፈልግም። ጠመኔው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ቆይቷል። ስጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምጠርገው።

የሆነውን ልንገርህ።

ምድጃ ሠራሁ። የእማዬን አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈትቼ ሽቦውን ወሰድኩ። ግድግዳው ድርብ ላሜራ ነው፣ በመሐሉ አመድ ሞላሁበት። «ለመስታወት ብለህ እንጀራዬን?» አለችኝ። አዲስ ምጣድ ገዝቼላት ነው የታረቅነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ፕላስቲክ ነው። በመዶሻ ብትመታው እንኳ አይሰበርም፣ ለዚያ ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ነበር። ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሲጠጋ ውስጡ ዓይን ማውጣት ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ልክ እንደ እንጀራ። ከዳር እስከ ዳር ዓይን በዓይን ሆነ። ለካስ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ከማለስለሴ በፊት 120 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ማድረቅ ነበረብኝ። ያን ሁሉ ሰዓት መብራት ሳይጠፋ ማን ይሰጠኛል?

ስለዚህ ወደ አክሪሊክ ዞርኩ። ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት፣ ፕሌክሲግላስ የሚባለው። እሱ 160 ዲግሪ ላይ እንደ እርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል። ፎርማውን ከእንጨትና ከጄሶ ሠርቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። እንዳይቧጥጠው ብዬ ላዩን ባና አለበስኩት፣ የመንዙን። የፊት መብራቱን መሸፈኛ በዚያ ስሞክር የሱፉ ጸጉር አንድ በአንድ ፕላስቲኩ ላይ ታተመ። እማዬ ወድዳው ለመሶቧ ክዳን ይሁነኝ ብላ ወስዳዋለች። በኋላ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ወጥሬበት ተስተካከለ።

ከዚያ የፊቱ ወጣ። ወንድሜ፣ ወጣልኝ! ጥርት ያለ፣ እንዳሰብኩት ጥምዝዝ ያለ። ለባለ 6 ሚሊ ቡሎን ባለ 6 ሚሊ ቀዳዳ በስቼ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራዬን ትቼ እሱን ሳይ ዋልኩ። በአራተኛው ሌሊት የታኅሣሥ ውርጭ ወረደ። ሊነጋጋ ሲል «ጧ!» የሚል ነገር ቀሰቀሰኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ላሜራው ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። በግራ በኩል ከላይኛው ቡሎን የተነሳ ስንጥቅ እስከ ታችኛው ጠርዝ ወርዷል። ጣቴን ስሰድበት ያዝ ያደርገኛል። ብርዱን እስክረሳ እዚያው ቆምኩ።

1.20 ሜትር አክሪሊክ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሰበሰባል። ብረቱ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ቀትር ላይ ፀሐይ ዘርግታው የዋለችው ሌሊት ልሰብሰብ ሲል ቡሎኑ አልለቅም አለው። አሁን ለባለ 6 ሚሊ ቡሎን ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ ነው የምበሳው፣ ከሥሩ ጎሚኒ፣ ማጥበቅም በእጅ ብቻ።

ግን እሱ ብቻ ቢሆን ደግሜ እሠራው ነበር። የተሰነጠቀው ላይ የዝናብ መጥረጊያ ገጠምኩና አቧራው እንዳለ በደረቁ አስኬድኩት። ለጥቂት ደቂቃ ነው። አመሻሽ ላይ ጋቢና ገብቼ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ሳያት ጭረቱ ሁሉ በራ። ከፊቴ አጥሩም በሩም የለም፣ ብርሃን ብቻ። የጣርማበርን ጉም አስበው። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ያለውን መታጠፊያ አስበው። እዚያ ላይ እህቴን ጎኔ አስቀምጬ በዚህ መስታወት ልነዳ? አልችልም።

ስለዚህ የፊቱ ያንተ ነው። ጠፍጣፋ፣ ለሁለት የተከፈለ፣ ድርብ መስታወት። የመሐሉን ብረት ባለፈው ሳምንት በየድኩት። አንተ ልክ ነበርክ። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የኋላውን ግን አልለቅም። እዚያ መጥረጊያ የለም። ከጣሪያው ተነስቶ ወደ ሞተሩ ክዳን ዝቅ የሚል፣ አንድ ወጥ አክሪሊክ ነው። ሙቀቱ እንዳይነካው ከክዳኑ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌዋለሁ። የቀረኝም አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ሌላ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ሞከርነው። ከምድጃው ወጥቶ ፎርማው ላይ እስኪያርፍ ግማሽ ደቂቃ ቢኖረን ነው፤ የኛ ብርድ ደግሞ አይታገሥም። እሷ ጓንቱ ሰፍቷት አንዱን ጥግ ለቀቀችው። መሬት ሳይነካ ያዝኩት፣ ግን ተሸበሸበ። እንደዚያው ደረቀ። እጇ ደህና ነው፣ እንባዋ ግን አልቆም አለ። መልሼ ምድጃው ውስጥ ሳስገባው ቀስ እያለ ራሱን ዘረጋ። ሽብሽቡ ሁሉ ጠፍቶ እንደተገዛ ቀን ጠፍጣፋ ሆነ። አክሪሊክ እንዲህ ነው፣ ካልተቃጠለ የመጀመሪያ ቅርጹን አይረሳም። ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን አየነው።

አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሌላ ሰው ጋር ልሞክረው አልደፈርኩም። ኮፈኑን ያጠፍን ቀን ትዝ ይልሃል? አንድም ቃል ሳንነጋገር። አንተ ስታነሳ እኔ አነሳለሁ፣ አንተ ስታወርድ እኔ አወርዳለሁ።

ለጥምቀት ትመጣለህ? ባትመጣ ይገባኛል፣ አልቀየምም። ማለቴ... እቀየማለሁ፣ ግን ይገባኛል። ና በሞቴ። ታቦቱን ሸኝተን በማግስቱ እንሠራዋለን። አሁንም እስከ ረፋድ ነው የምትተኛው? ምድጃው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይለኮሳል፣ መብራት ሳይሄድብን፤ ጎትቼም ቢሆን አስነሳሃለሁ። ጓንት ይዘህ ና፣ ወፍራም የቆዳ። ናይሎን ያለበት እንዳይሆን። ደግሞ እንደ ልማድህ በቤንዚን ልወልውለው እንዳትል፣ ያሰነጣጥቀዋል፤ ውሃና ሳሙና ብቻ።

የመኪናዋን ፊት ለማየት ስትል ብቻ እንኳ ና። ጠመኔህ ላይ የነበረው ነው፣ በልኩ።

አፉን ያደነዘዝከው የመብሻ ፑንታ እዚሁ መደርደሪያው ላይ ነው። አላሾልኩትም።

ወንድምህ
ደብረ ብርሃን፣ በታኅሣሥ መጨረሻ