የሚዘፍኑት የካርቱን ወፎች ሙዚቃ አስተማሪ ናቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ካርቱን ልጅ ከማደንዘዝ በቀር ምንም አይጠቅምም ብሎ የጻፈላችሁን አንባቢ አነበብኩት፣ ንዴቱ ይገባኛል እኔም እናት ነኝ፣ ግን ሁሉንም በጅምላ መኮነን ልክ አይደለም። የድሮዎቹን የሚዘፍኑ ወፎች ያየ ሰው እንደዛ አይልም።

ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት አጫጭር የሙዚቃ ትምህርት ካርቱኖች ሰርቷል፣ አንዱ ስለ ዜማ ሌላው ስለ ሙዚቃ መሳሪያ። ተማሪዎቹ ትናንሽ ወፎች ናቸው፣ አስተማሪያቸው ደሞ ፕሮፌሰር ጉጉት፣ እኛ ጋ ጉጉት ሲጮህ ሟርት ነው ይባላል እዛ ግን የተከበረ መምህር ነው። ለልጆች ነው ብለው ጥራቱን አልቀነሱበትም፣ የዜማው ካርቱን ዲዝኒ በስሪዲ (ምስሉ ከስክሪኑ የወጣ በሚመስልበት) የሰራው የመጀመሪያ ካርቱን ነው፣ የመሳሪያው ደሞ በሲኒማስኮፕ (በሰፊ ስክሪን በሚታየው) የተሰራ የመጀመሪያው ካርቱን ሆኖ ኦስካር ወስዷል።

የዚህ የሁለተኛው ትምህርት ዋሻ ውስጥ ከሚኖሩ አራት የጥንት ሰዎች ይጀምራል፣ አንዱ የላም ቀንድ ይነፋል፣ አንዱ በሳር ያፏጫል፣ አንዱ የቀስቱን ገመድ ይነካል፣ አንዱ ሆዱን ይደልቃል። እኔ በጣም የምወደው የቀስቱን ነው፣ ገመዱ ላይ እንስራ ሲጨመርበት ድምጹ ይጎላል፣ ከዛ ሌላ ክር፣ ከዛ ሌላ፣ እያለ ሃርፕ (እንደ በገና ያለ ባለብዙ ክር መሳሪያ) ይሆናል፣ በኋላ ደሞ ክሩን ወይ በጣት ትነካዋለህ ወይ እንደ ማሲንቆ በመምቻ ትገዘግዘዋለህ ይላሉ። ይሄን ያየ ልጅ ፊት ክራርና ማሲንቆ ብታስቀምጡለት ወዲያው ነው የሚገባው፣ ክራሩ በጣት ይመታል፣ ማሲንቆው በጭራ ይገዘገዛል፣ ከታች ቆዳ የተወጠረበት የእንስራውን ስራ ይሰራል።

የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ በ1936 ሞስኮ ላይ ለልጆች የደረሰውን የጴጥሮስንና የተኩላውን የሙዚቃ ታሪክም እዩት፣ ዲዝኒ በ1946 ካርቱን አርጎታል። እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ የራሱ መሳሪያ አለው፣ እነዚህ ሁሉም በትንፋሽ የሚነፉ ናቸው፦ ወፏ ፍሉት ናት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቱ ክላርኔት፣ አያትየው ባሱን፣ ተኩላው ሆርን። ወፏ አንዲት ቃል አትተነፍስም ፍሉቱ ነው የሚናገርላት፣ ልጅ አይኑን ጨፍኖ ማን እንደመጣ ያውቃል። አሁን ስልክ ላይ የምናያቸው ወፎች ግን በሰው ድምጽ ይጮሃሉ፣ ከኋላ በኮምፒውተር የተሰራ ምት ብቻ ነው፣ ልጁ ምን መሳሪያ እንደሰማ አያውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደሞ ወፍ ዜማ ሲያስተምር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም እኮ፣ ቅዱስ ያሬድን ዜማ ያስተማሩት ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች ናቸው ተብሎ ሲተረክልን ነው ያደግነው።

አኒሜሽን የምትሰሩ ወጣቶች እባካችሁ ለወፏ ዋሽንት ስጧት። እምቢልታ ደሞ ለካርቱን የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ፣ አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማውን አይሞላውም፣ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው የሚጫወቱት፣ ሦስት ወፎች ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ አንድ እምቢልታ ብትሰጧቸው ልጆቹ ተራ መጠበቅንም አብረው ይማራሉ። የናንተም የልጆች አምድ በየሳምንቱ የአንድ መሳሪያ ድምጽ እንዴት እንደሚወጣ በስዕል ቢያሳይ እኔ ቆርጬ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ